የቡሄ ማዕድ በደጋ፦ ከሐምሌ ጥንስስ እስከ ነሐሴ ሙልሙል

በደቡብ ጎንደር ደጋ የቡሄ ሥራ ነሐሴ 12 ቀን አይጀመርም። ጠላው ሐምሌ ሳይወጣ ይጠነሰሳል፤ ስንዴው ዝናቡ ፋታ በሰጠበት ቀን ተለቅሞና ተሰጥቶ ወደ ወፍጮ ይሄዳል፤ እርሾው ሳምንት ቀደም ብሎ ዱቄት እየተጨመረለት ይነቃል። ይህን ያላደረገ ቤት በዋዜማው ማታ ጅራፍ ሲጮኽና ልጆች በር ላይ ሲጨፍሩ ሰው ወደ ዳቦ ቤት ይልካል። መላክ ነውር አይደለም፤ የተገዛው ዳቦ ግን የሙልሙልን ጣዕም አያመጣም።

ቡሄ በመላው አገሪቱ ቢከበርም ለደብረ ታቦር ከተማ የስሟ በዓል ነው። ነሐሴ 13 ቀን ክርስቶስ በታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን ለሦስቱ ደቀ መዛሙርት የገለጠበት ዕለት ይታሰባል፤ ከተማዋም የምትጠራው በዚያው ተራራ ስም ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የየጁው ራስ ጉግሣ ቆረቆሯት፤ በኋላ አፄ ቴዎድሮስም አፄ ዮሐንስ 4ኛም ተቀምጠውባታል። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራበት ጋፋትም ከከተማዋ ብዙ አይርቅም። የነገሥታቱን ግብር ያየ አገር ስለሆነ ሙያ አይጎድለውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የቡሄ ማዕድ ግን ግብር አይደለም። ከጓዳ ባለው እህል የሚሠራ፣ ጾም የማይሽር፣ ለልጅ የሚታደል ምግብ ነው።

ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት የደጋውን ሁኔታ ይረዱ፤ ከዚህ በታች የሚመጣው መመሪያ ሁሉ ከዚያ ይነሣልና።

ቡሄ የሚውለው በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው። ጾሙ ነሐሴ 1 ቀን ገብቶ ነሐሴ 16 ቀን ይፈታል። ስለዚህ የቡሄ ዳቦ ቅቤ፣ ወተትም ሆነ እንቁላል አይገባበትም። በየከተማው «የቡሄ ዳቦ» እየተባለ ፊቱ በእንቁላል ተቀብቶ ሲያብረቀርቅ የሚታየው ለፋሲካ ያምራል፤ ለነሐሴ 13 ግን ቦታው አይደለም። የሮማንያ ኦርቶዶክሶችም ይህንኑ በዓል በጾም ውስጥ ያከብሩታል። ቤተ ክርስቲያናቸው ከ1924 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሻሻለውን አቆጣጠር ስለምትከተል በዓሉ ኦገስት 6 ላይ ይውልላቸዋል፤ የእኛ ነሐሴ 13 በእነርሱ አቆጣጠር ኦገስት 19 ነው። እነርሱ ግን በዕለቱ ዓሣ ይፈቀድላቸዋል፣ የዓመቱም የመጀመሪያ ወይን ፍሬ በቤተ ክርስቲያን ይባረካል። በደጋው የእኛ ቤት ማዕዱ ከሽሮ፣ ከሱፍ፣ ከተልባና ከመሳሰሉት አያልፍም፤ በዓልነቱን የሚሸከመው ዳቦው ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ብርድ ነው። ነሐሴ የክረምቱ እኩሌታ ነው፤ ከጉና ተራራ የሚወርደው ጭጋግ ከሰዓት በኋላ ቤቱን ያቀዘቅዘዋል፣ ሊጥም ኩፍ ለማለት ይለግማል። ሦስተኛው ከፍታው ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች፤ የጉና ራስ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በከተማዋ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል የሚዘገዩት እህሉ ክፉ ሆኖ ወይም እሳቱ አንሶ ሳይሆን የፈላው ውሃ ራሱ ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ነው። የአዲስ አበባ አንባቢ ይህ ብዙም አይለይበትም። በቆላ ያለ ወይም በባሕር ማዶ ዝቅተኛ ከተማ የሚኖር ግን እዚህ የተጻፈውን ሰዓት ሁሉ ማሳጠር አለበት።

ጠላው

ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው ጠላ ነው። ለ20 ሊትር ያህል ጠላ ግማሽ ኪሎ ጌሾ፣ አንድ ኪሎ ብቅልና አራት ኪሎ ያህል እህል ይበቃል። በጉና ዙሪያ ባለው ደጋ እህሉ ገብስ ነው፤ ወደ ፎገራና ወደ ደራ ዝቅ ሲሉ ዳጉሳ ይገባበታል፤ የዳጉሳ ጠላ ጠቆር ይላል። ብቅሉን ክረምት ላይ ለማብቀል አይሞክሩ። ገብሱ አንድ ቀን ተዘፍዝፎ በቅጠል ተሸፍኖ ሦስት አራት ቀን መብቀሉ አያስቸግርም፤ ችግሩ የሚያደርቀው ፀሐይ አለመኖሩ ነው፣ በደንብ ያልደረቀ ብቅል ደግሞ ይሻግታል። ብልኋ ባለቤት ብቅሏን ግንቦት ላይ አድርቃ ታስቀምጣለች። ያላዘጋጀ ከገበያ ይግዛ፤ ሲገዛም ጥቂት ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ ይቅመስ። ጥሩ ብቅል ይጣፍጣል፣ የሻገተውን አፍንጫ ይለየዋል።

ጋኑን ወይም እንስራውን በግራዋ ቅጠል ደጋግመው ይጠቡት፤ ቅጠሉ አረፋ እስኪያወጣና ውስጡ ሲነካ ሸካራ እስኪሆን ድረስ መፈተግ አለበት። ከዚያ የወይራ ፍልጥ ለኩሰው እሳቱን ያጥፉና እንስራውን በጭሱ ላይ ደፍተው ያጥኑት። የፕላስቲክ በርሜል መታጠብ እንጂ መታጠን አይሆንለትም፤ የወይራ ጭስ ጣዕም የሚፈልግ ሰው ሸክላ መያዝ ግድ ይለዋል።

ሐምሌ 26 ገደማ የተወቀጠውን የጌሾ ቅጠል በውሃ በጥብጠው ይጠንስሱ። በሦስተኛው ቀን የብቅሉን ዱቄትና ቆረስ ቆረስ የተደረገ በደንብ የበሰለ ቂጣ ይጨምሩ። ነሐሴ 1 ወይም 2 ላይ የቀረውን እህል አሻሮ አድርገው ያስፈጩ፤ ዱቄቱን ውሃ አርከፍክፈው በምጣድ ላይ እያገላበጡ እንኩሮ ያድርጉት። እንኩሮው ሲቀዘቅዝ ከጥንስሱና ከጌሾው እንጨት ጋር ይደባለቃል፤ ይህ ድፍድፉ ነው። ትኩስ እንኩሮ መጨመር ጥንስሱን ይገድለዋል፤ የጀማሪ ጠላ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ድፍድፉ አምስት ስድስት ቀን ይቆያል። ጆሮዎን ወደ እንስራው አፍ ቢያስጠጉ ሲንሾካሾክ ይሰማል፤ ድምፁ ሲረጋ ንጹሕ ውሃ ይሞላበትና አፉ በደንብ ይታተማል። ከሦስት አራት ቀን በኋላ፣ ማለትም ነሐሴ 11 ወይም 12፣ ይከፈታል።

መጀመሪያ የሚቀዳው ወፍራም ጠላ ለአዋቂ እንግዳ ነው። ውሃ ተጨምሮበት የሚወጣው ቅራሪ ለቤተሰብ ይሆናል። ለሚጨፍሩት ልጆች ጠላ መስጠት በአንዳንድ ቤት የቆየ ልማድ ቢሆንም ሊቀር ይገባል፤ ለእነርሱ ከዳቦው ጋር ውሃ ወይም ሻይ በቂ ነው።

እርሾውና ሊጡ

እርሾ የሌለው ቤት ነሐሴ 5 ቀን አካባቢ ይጀምር። ሁለት እፍኝ የስንዴ ዱቄት ለብ ባለ ውሃ እንደ ገንፎ ሳይሆን ቀጠን አድርገው ይበጥብጡና ክዳኑ ባልጠበቀ የሸክላ ወይም የጠርሙስ ዕቃ ያስቀምጡት። በየቀኑ ጠዋት ግማሹን አውጥተው ለቂጣ ያውሉና በምትኩ አንድ እፍኝ አዲስ ዱቄትና ትንሽ ለብ ያለ ውሃ ይጨምሩ። በሁለተኛው ቀን ብዙ አይታይበት ይሆናል፤ በዚህ ተስፋ ቆርጦ መድፋት ስሕተት ነው። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን አረፋ ይጀምረዋል፣ ሽታውም ደስ የሚል ሆምጣጣ ይሆናል። ሮዝ ወይም አረንጓዴ ነገር ከታየበት ግን ሳያቅማሙ ይድፉትና እንደገና ይጀምሩ።

በደጋው ቤት እርሾው የሚቀመጠው ምድጃው አጠገብ ነው፤ እሳቱ ውስጥ ሳይሆን የእጅ ጀርባ ሙቀቱን በሚሰማበት ርቀት። የጤፍ እንጀራ እርሾ ያለው ሰው ግማሽ ኩባያ ከዚያ ወስዶ የስንዴውን ማፋጠን ይችላል፤ ዳቦው ትንሽ ሆምጠጥ ይላል፣ ብዙዎችም ይወዱታል። የሱቁን ደረቅ እርሾ በተመለከተ ክርክሩ ብዙ ነው። የሻይ ማንኪያ ሩብ ያህል ለድጋፍ መጨመር ብርድ ላለበት ቤት ይረዳል። በእርሱ ብቻ በሁለት ሰዓት የተነፋ ሊጥ ግን ዳቦው አየር ብቻ ይሆናል፤ በነጋታውም ይደርቃል። ሙልሙል ሁለት ሦስት ቀን የሚቆየው ቀስ ብሎ በሆመጠጠ ሊጥ ነው።

ዱቄቱ የደጋ ስንዴ ይሁን፤ በወንፊት ይነፋ፣ እስኪነጣ ድረስ ግን አይሁን። በጉና ወገብ ስንዴ በማይበዛበት ቀበሌ ገብስ ይቀላቀላል። ለሦስት እጅ ስንዴ ከአንድ እጅ ገብስ አይለፍ፤ ገብስ ሊጥ የመያዝ ኃይሉ ደካማ ስለሆነ ሲበዛ ዳቦው ይፈረከሳል። የፎገራ ሩዝ ዱቄትም ከዳቦ ይልቅ ለእንጀራ ይስማማል። ሩዝ ከወረታ ሜዳ ተነሥቶ በአካባቢው የብዙ ቤት እንጀራ ውስጥ ገብቷል፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው እዚያው ፎገራ ነው። ከሁለት እጅ ጤፍ ጋር አንድ እጅ ሩዝ የተቀላቀለበት እንጀራ ነጭና ለስላሳ ይወጣል፤ ቶሎ ስለሚደርቅ ግን ለዕለቱ ብቻ ይጋገር።

ለሁለት ኪሎ ዱቄት ሁለት ኩባያ የነቃ እርሾ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ድንብላልና አንድ ሲኒ ዘይት ያስፈልጋል። ውሃው 1.2 ሊትር ገደማ ነው፤ እንደ ዱቄቱ ጥቂት ሊጨምር ወይም ሊቀንስ ይችላል። ውሃው ለብ ይበል፤ ትንሽ ጣት ሲነከርበት ካቃጠለ ለእርሾውም ይበዛበታል። ነሐሴ 11 ቀን ማታ በገበቴ ውስጥ ዱቄቱን፣ ጨውንና ቅመሙን ቀላቅለው መሃሉን ይክፈቱ፤ እርሾውን፣ ዘይቱንና ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ያቡኩ።

ማቡካቱ ላይ አይቸኩሉ። ቢያንስ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ሊጡ መጀመሪያ ከእጅ ጋር ይጣበቃል፤ ብዙ ጀማሪዎች በዚህ ጊዜ ዱቄት ይጨምሩበታል፣ ዳቦውም ይደርቃል። ዱቄት ከመጨመር ይልቅ እጅዎን በውሃ ወይም በዘይት አርሰው ይቀጥሉ። እየጎተቱና እያጠፉ ሲያሹት ከገበቴው ጠርዝ ራሱን መልቀቅ ይጀምራል። ትንሽ ቆርሰው በጣቶችዎ መካከል ሲስቡት ሳይበጠስ ሳስቶ ብርሃን ካሳለፈ በቅቶታል። የደጋ እናቶች ሌላም መለያ አላቸው፤ ሊጡን በመዳፍ መታ አድርገው ድምፁን ያደምጣሉ። ውፍረት ያለው፣ የታመቀ ድምፅ ከሰጠ ገና ነው፤ ለስለስ ያለ ጥፊ የመሰለ ድምፅ ሲሰጥ ይተዉታል።

ሊጡን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ከዚያም በብርድ ልብስ ጠቅለል አድርገው ምድጃው አጠገብ ያሳድሩት። በደብረ ታቦር የነሐሴ ሌሊት 10 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ ስምንት ሰዓት፣ ሞቃት ቆላ ወይም የበጋ ወቅት ባለበት የባሕር ማዶ ከተማ አራት አምስት ሰዓት ሊበቃው ይችላል። ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ሙቀት ያገኘ ሊጥ ቶሎ ይነፋል፤ ስለዚህ ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ሊጡን ይዩ። በጣት ጫን ሲያደርጉት ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ቢሞላ ደርሷል። ቶሎ ቢሞላ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጭራሽ ካልሞላ አልፎበታልና ሳይዘገዩ ወደ ምጣድ ይውሰዱት።

መጋገሩ

ምጣዱን ከማሰማትዎ በፊት የኮባ ቅጠል ያዘጋጁ። ደብረ ታቦርና ጎንደር አካባቢ ኮባ በየጓሮው ይተከላል፤ ጉራጌና ሲዳማ ከሥሩና ከግንዱ ቆጮ ሲያወጡበት እዚህ ግን የሚፈለገው ቅጠሉ ብቻ ነው። ቅጠሉን ጠርገው የመሃል አጥንቱን በቢላዋ ያሳሱና በእሳት ላይ አንድ ጊዜ ያሳልፉት፤ ሲለዝብ አይሰበርም። ኮባ የማይገኝበት አገር ያለ ሰው የሙዝ ቅጠል ይጠቀም። እርሱም ካልተገኘ ዘይት የተቀባ የመጋገሪያ ወረቀት ቦታውን ይሸፍናል፤ ሽታውን ግን አይሰጥም።

ኩፍ ያለውን ሊጥ እንደገና በትንሹ አሽተው 170 ግራም ያህል የሚመዝኑ ቁራሾች ያድርጉት። ከሁለት ኪሎ ዱቄት 18 ወይም 20 ሙልሙል ይወጣል። እያንዳንዱን በሁለት መዳፍ መካከል አድበልብለው ሞላላ ያድርጉት፤ መሃሉ ወፈር፣ ጫፎቹ ሾል ያሉ ይሁኑ። መጠኑ ልጅ በአንድ እጁ ይዞ በሌላው በትሩን መያዝ የሚችልበት መሆኑን ያስተውሉ፤ ሙልሙል ትንሽ የሆነው በንፉግነት አይደለም። የተዘጋጁትን በሰፌድ ላይ ዱቄት ነስንሰው ደርድረው ለሰላሳ ደቂቃ ያሳርፉ።

እሳቱ ላይ አንድ ምክር። ደረቅ የባሕር ዛፍ እንጨት ብቻውን ነበልባሉ ይበዛል፤ ዳቦውን ከውጭ አሳርሮ ከውስጥ ጥሬ ይተወዋል። እንጨቱ ፍም እስኪሆን መጠበቅ ወይም ከኩበት ጋር ማቀላቀል ይሻላል። ምጣዱ መድረሱን ለማወቅ ጥቂት ዱቄት ይበትኑበት፦ ቀስ ብሎ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው፤ ወዲያው ከጠቆረ እሳቱን ያሳንሱ። ምጣዱን በጎመን ዘር ያስሱት፣ ኮባውን ያንጥፉ፣ ሙልሙሎቹን በመካከላቸው የሁለት ጣት ክፍተት ትተው ይደርድሩና በአክንባሎ ይክደኑ። ከስምንት እስከ አሥር ደቂቃ በአንድ ወገን፣ ገልብጠው ደግሞ በሌላው። ሥሩን በጣት አንጓ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ካሰማ በስሏል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ሰው ሙቀቱን ከመካከለኛ በታች አድርጎ ተመሳሳይ ውጤት ያገኛል፤ አክንባሎው ላይ የሚጠራቀመውን ላብ ግን በጨርቅ ይጥረግ፣ አለበለዚያ ጠብ እያለ የዳቦውን ፊት ያረጥበዋል።

ለቤተሰቡ ድፎ የሚፈልግ ከሊጡ ግማሹን በኮባ ጠቅልሎ በጎድጓዳ ብረት ምጣድ ይጋግር፤ ፍም ከታችም ከክዳኑ በላይም ይሁን። እንደ ውፍረቱ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ድፎውን ከእሳት እንዳወጡ አይቁረሱት። ጠቅልለው ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ያሳርፉት፤ ትኩሱ ድፎ ሲቆረስ ይጣበቃል፣ ውስጡም ያልበሰለ ይመስላል።

ንፍሮና ሱፍ

ንፍሮው በዋዜማው ጠዋት ይጣዳል። ስንዴ፣ ሽምብራና ባቄላ ሌሊቱን ለየብቻቸው ተዘፍዝፈው ይደሩ። መጀመሪያ ባቄላውና ሽምብራው፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ስንዴው ይጨመር፤ ከፍታው መብሰሉን ስለሚያዘገይ ክዳኑ የገጠመ ድስት ይጠቀሙና ደጋግመው አይክፈቱት። በብረት ድስት ሦስት ሰዓት የሚፈጀው በግፊት ድስት ከአንድ ሰዓት በታች ያልቃል። ጨው በመጨረሻ ላይ ነው። ንፍሮ በዚህ አገር የበዓልም የኀዘንም ምግብ ነው፤ ጉልባን ሲባል የጸሎተ ሐሙስ፣ ቀብር ባለበት ቤት ደግሞ የለቅሶ ማዕድ ይሆናል። ሮማንያውያንም ለሙታን መታሰቢያ ስንዴ ቀቅለው ከስኳርና ከዋልነት ጋር ያቀርባሉ፤ ኮሊቫ ይሉታል። የእነርሱ ጣፋጭ ነው፣ የእኛ ግን በጨው ብቻ ይበላል።

ሱፉ ደግሞ ለእንጀራው ነው። አንድ ኩባያ ሱፍ ታጥቦ ይቀቀል፤ ቅርፊቱ ሲላላ ይወቀጥ ወይም በመፍጫ ይፈጭ። ቀዝቃዛ ውሃ እየተጨመረ በጥሩ ወንፊት ይጠለል፤ የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ ወተት ይመስላል። ሁለት ጊዜ ደግሞ መጥለል አይሰለች፤ ቅርፊት የቀረበት ሱፍ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ጨው ይጨመርበትና ወደ ማዕድ ሊቀርብ ሲል እንጀራ ይፈትፈትበት። ቀድሞ የተፈተፈተ ይረጥባል፤ ይህ የእንግዳ ቤት ትልቁ ስሕተት ነው። ከዚህ ሌላ የፋርጣ ድንች በአልጫ፣ የአበሻ ጎመንና ሽሮ ለቡሄ በቂ ነው። በነሐሴ የጎተራው እህል ያለቀበት ቤት ድንቹ ቀድሞ ስለሚደርስ በዓሉን የሚያቆመው እርሱ ነው።

ማታው

በነሐሴ 12 ምሽት ልጆች ጅራፍ እያጮኹ፣ ዜማ እየተቀባበሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ። በቆየው ትውፊት ጅራፉ በታቦር የተሰማውን የአብ ድምፅ ያስታውሳል፤ ችቦውና ሙልሙሉም በዚያ ብርሃን ተመስጠው በመስክ ለዘገዩት እረኞች ቤተሰቦቻቸው እሳት ለኩሰውና ዳቦ ይዘው የወጡበትን። በዚህ የተነሣ ዳቦው በዕዳ የሚሰጥ እንጂ በልመና የሚገኝ አይደለም። ለክርስትና ልጅ የሚሰጠው ሙልሙል ተለይቶ ይቀመጣል፤ የንስሐ አባትም ድርሻ አላቸው። ለእነዚህ የሚሆነውን አስቀድመው በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ከመሶቡ ሌላ ቦታ ያኑሩ፤ ልጆቹ በብዛት ሲመጡ ያለው ሁሉ ያልቃልና። ልጆቹም ዳቦው ሲሰጣቸው ቤቱን መርቀው እንጂ ዝም ብለው አይሄዱም፤ ምርቃቱን ሳይሰሙ በር መዝጋት አይገባም።

አሁን አሁን በከተማ ለልጆቹ ብር ብቻ መስጠት ተለምዷል። ብር ለመስጠት ቀላል ነው፣ ልጆቹም ይወዱታል። ነገር ግን ሳምንት የተደከመበት እርሾ፣ በሌሊት የተነሣ ሊጥ፣ በኮባ የተጋገረ ዳቦ ካለ ሰው ጓዳ አለፍ ብሎ ወደ ኪስ መሄድ አይገባውም። ብሩን መስጠት ከፈለጉ ይስጡ፤ ሙልሙሉን ግን በቀኝ እጅዎ አስቀድመው ይስጡ።

ሁሉን ሊጥ ጋግረው አይጨርሱ። እፍኝ ያህል በእርሾው ዕቃ አስቀርተው በየቀኑ ዱቄት ይጨምሩለት፤ ነሐሴ 16 ጾሙ ሲፈታ ከዶሮ ወጡ ጋር ለሚቀርበው ድፎ እርሾዎ ነቅቶ ይጠብቅዎታል።